ቀበሮውን ያጣ ተራራ፦ የጮቄ ጉዳይ

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ድጎ ጽዮን የሚሄድ መንገደኛ የጮቄን ትከሻ ሳይረግጥ አያልፍም። መንገዱ ሽቅብ በሄደ ቁጥር ሰብሉ ይቀያየራል። ጤፉና በቆሎው ከታች ይቀራል፤ ስንዴው ጥቂት ይከተልና እሱም ይቀራል፤ ከዚያ ገብስ፣ ድንች፣ እንግዶ ብቻ ይሆናል። የየቤቱ አጥር ቀርከሃ ነው። ትንፋሽ ማጠር፣ ጆሮም መድፈን ሲጀምር፣ ጉም ውስጥ እንደ ሰው የቆሙ ጅብራ የሚባሉ የውርጭ ተክሎች ብቅ ይላሉ። ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይስባል። ጮቄ መድረሱን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

ስለ ጮቄ ውበትና ስለ ውሃው ብዙ ሰምተናል። እኔ እዚህ የማነሳው ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ተራራ ምን እንደጠፋበት፣ ለምን እንደጠፋበት፣ የቀረውም በማን እጅ እንዳለ። እንደ አንድ ጉዳይ አንስተን እስከ ሥሩ ብናየው፣ ስለ ሌሎች ተራሮቻችንም የሚነግረን ነገር ያለ ይመስለኛል።

ጮቄ ሰንሰለት ይባል እንጂ በአፈጣጠሩ አንድ ሰፊ እሳተ ገሞራ ነው። ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት እየተደራረበ፣ መሃሉ ከፍ ብሎ ዙሪያው ቀስ እያለ የሚወርድ፣ በምጣድ ላይ እንደ ተደፋ አክንባሎ ያለ ቅርጽ ሰጥቶታል። ጫፉ ወደ 4,100 ሜትር ይጠጋል። የአክንባሎው ነገር ለምሳሌ ያህል ብቻ ያነሳሁት አይደለም። አክንባሎ ላይ የፈሰሰ ውሃ በሁሉም በኩል እንደሚወርድ፣ ጮቄ ላይ የጣለው ዝናብም በአራቱም ማዕዘን ይወርዳል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ አዝዋሪ፣ ጀደብ፣ ተምጫ እያለ የሚቀጥለው የወንዝ ስም ሁሉ ከዚሁ ጉልላት ይነሳል። በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ቆጠራ 59 ወንዞችና 273 ምንጮች ይላል። ከጣና የወጣው አባይ ደግሞ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እንደ መቀነት ስለሚዞረው፣ ወንዞቹ በየትም ቢዞሩ መውደቂያቸው አንድ ነው።

ተራራውን ስናን፣ ቢቡኝ፣ ሁለት እጁ እነሴ፣ ደባይ ጥላትግን፣ ማቻከል፣ ጎዛምንና ሌሎችም ወረዳዎች ይጋሩታል። ይህን ነጥብ አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቀዩ ቀበሮ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የለም። በሀገራችንም የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሹ በላይ ባሌ ነው። ሌላው በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ደጋዎች ተበታትኖ ይኖራል። የጎጃሙ የጮቄ ቀበሮ ግን ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ጠፍቷል። ስለ እንስሳው የሚጽፉ ባለሙያዎች የጠፋባቸውን ቦታዎች ሲዘረዝሩ፣ ከሰሜን ሸዋው ጎሽ ሜዳና ከደቡብ ወሎው ጉጉፍቱ ጋር ጮቄንም ይጠራሉ።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ እንዲህ ዝም ተብሎ ያለፈ መሆኑ አሳዘነኝ። አንድ ሀገር አውሬውን ሲያጣ ቀኑ አይታወቅም። የመጨረሻው ቀበሮ በየትኛው ጉብታ ሥር እንደሞተ የጻፈ የለም።

ለምን ጠፋ ቢባል መልሱ ከአኗኗሩ ይመጣል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ውርጭ ሀገር ነው፤ ምግቡ ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው። ግዛቱን ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ይጠብቃል፤ አደን ግን ለየብቻ ይወጣል፣ ጓሳ በሚባለው የደጋ ሣር ውስጥ አድብቶ ጉድጓድ ለጉድጓድ ይሄዳል። ስለዚህ ጓሳው ከታረሰ ወይም ከሥሩ እስኪነቀል ከተጋጠ፣ አይጡ ይሳሳል፤ አይጡ ከሳሳ ቀበሮው ግልገል አያሳድግም። በዚያ ላይ ከመንደር የሚመጣ ውሻ አለ። ውሻ የእብደት በሽታና ሌላም የሚገድል ተላላፊ ይዞ ይመጣል። በባሌ ብዙ ቀበሮ ስላለ በሽታው አልፎ የተረፈው ተመልሶ ይበዛል። ቁጥሩ በትንሽ ጉልላት ላይ በጣት የሚቆጠር ከሆነ ግን አንድ ክፉ ዓመት ይበቃዋል።

ከሁሉም የከፋው የአባይ ነገር ነው። ከጮቄ ተነስቶ በወሎ በኩል በቦረና ሳይንት ደጋ ቀበሮ ወዳለበት ለመድረስ የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ያስፈልጋል። በስተሰሜን ያለውም ሜዳ ዝቅ ያለ፣ የታረሰ፣ ሰው የሞላበት ነው። ለቀበሮ ጮቄ ደሴት ነው። አንድ ጊዜ ከጠፋ ከማዶ ዘመድ ተሻግሮ አይተካውም።

የጓሳውና የጨፌው ነገር

ጮቄን ከቀበሮው ቀጥሎ የሚጎዳው የውሃው ነገር ነው፤ እንዲያውም ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው። ቀበሮውን ያበላው ጓሳ፣ ጨሞጋን ያጠጣውም ጓሳ ነውና።

ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ያየው ሰው ይህን ይረዳዋል። የጓሳው እግር ላይ ያረጀው ሣር ከአዲሱ ጋር ተጠላልፎ እንደ ትራስ ሆኗል። እጅን ሲሰዱበት፣ ላዩ በፀሐይ ደርቆ ሳለ ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ጣት ሲያወጡ ጠል ይዞ ይወጣል። ጉሙ ሌሊት ሌሊት ሲያልፍ በቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ዝናቡም ሲመጣ መሬቱን በቀጥታ አይመታውም። ከጉብታው በታች ባለው ኩሬ ዙሪያ ደግሞ ጨፌው አለ፤ ጥቁር፣ ሲረግጡት የሚንቀጠቀጥ፣ ክረምት የጠጣውን እስከ ግንቦት ድረስ ትንሽ በትንሽ የሚለቅ። ከታች ባለው መንደር ሴቶች በመጋቢት እንስራቸውን የሚሞሉት ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ማረሻ ሲገባ መጀመሪያ የሚቆፈረው ውሃ ማፋሰሻ ቦይ ነው፤ ገብስ እግሩ ሥር ውሃ ሲተኛበት አይወድም። ያ ቦይ በአንድ ክረምት ውስጥ ይጠልቃል፣ በሁለተኛው ቦረቦር ይሆናል። ጨፌውም ይደርቃል። ያላረሱት ቦታ ላይ ከብቱ ሌት ተቀን ከዋለ፣ ኮቴው መሬቱን ይጠቀጥቀዋል፤ ውሃውም መስረጉን ትቶ ላይ ላዩን ይሄዳል። የክረምቱ ጎርፍ አድጎ የበጋው ምንጭ የሚቀንሰው በዚህ ነው።

ይህ የሽማግሌ ትዝታ ብቻ አይደለም፣ የተለካ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ወልደአምላክ በውቀት ከአንድ የውጭ ባልደረባው ጋር የጨሞጋን ፍሰት ከ1960 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ያለውን መዝገብ አገላብጦ፣ የበጋው ውሃ በዓመታት ውስጥ እየቀነሰ መምጣቱን አሳይቷል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሳተላይት ምስል የጮቄን አካባቢ እርጥበታማ መሬት ተከታትሎ፣ ከ1986 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ብቻ 607 ስኩዌር ኪሎ ሜትር እርጥበቱ ዝቅተኛ የሆነ ወቅታዊ ጨፌና 22.4 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ክፍት ውሃ መጥፋቱን አገኘ። በሃያ ዓመት ውስጥ ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በየዓመቱ ከሚነገረን የችግኝ ቁጥር ጎን ቢነገሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ጅብራውም ከዚሁ ጋር ይነሳል። ጅብራ የሀገራችን ብቻ ተክል ነው። ለብዙ ዓመት ቅጠሉን እንደ ጽጌረዳ ዘርግቶ፣ ሌሊት ውርጭ ሲመጣ ቅጠሉን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ለጋውን ይሸፍናል፣ ጠዋት ይከፍተዋል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚሄድ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ዘንጉ ለአጥርና ለማገዶ ዘሩ ሳይበተን ከተቆረጠ፣ የስንት ዓመት ጥበቃው ከንቱ ቀረ ማለት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አየሩ በዚሁ ከሞቀ በ2080 እ.ኤ.አ. ለጅብራ የሚስማማው ቦታ አሁን ካለው 3.4 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሚቀር ገምቷል። ሙቀት ሲመጣ ተክል ወደ ላይ ይሸሻል፤ የጮቄ ጅብራ ግን ጫፉ ላይ ነው ያለው፣ ከዚያ በላይ መሸሻ የለውም።

ማረሻው ለምን ወጣ?

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ "ገበሬው ነዋ!" ይላል። ይህ ፍርድ ቸኩሏል።

የደጋው መሬት ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ማዕድኑ እየታጠበ አሲዳማ ይሆናል። ኖራ ካልተጨመረበት ገብሱ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ኖራው ደግሞ ከሩቅ በመኪና የሚመጣ፣ በብዛት የሚፈለግ፣ ከመንገድ ወዲያ በፈረስ ጭነት የሚደርስ ነው። እንጨት ስለሌለ ለማሳው ይገባ የነበረው ኩበት ምድጃ ውስጥ ይነዳል። ስለዚህ የአባቱ ማሳ ያልሰጠውን ምርት ልጁ አዲስ መሬት ላይ ይፈልገዋል። አዲስ መሬት ደግሞ በ1967ቱ አዋጅ ተከፋፍሏል፣ በ1989 በክልሉ በተደረገው ሽግሽግ እንደገና ተከፋፍሏል፤ ከዚያ ወዲህ ጎጆ ለወጣ ወጣት የሚታደል የለም። የቀረው ከላይ ያለው የወል መሬት ነው፣ ጓሳው። ገብስ ከ3,500 ሜትር በላይ ወጣ የሚባለው ጉልበተኛ ሰው ስለተነሳ አይደለም፤ ከታች ቦታ ስላጣ ነው።

ከላይ ያዝ አድርጉልኝ ያልኩት ነጥብም እዚህ ይገባል። ተራራው የብዙ ወረዳ ሲሆን የማንም ይሆናል። በአንዱ ቀበሌ የተከለከለ ግጦሽ በጎረቤቱ ክፍት ከሆነ፣ የሚጠብቀው ሰው የራሱን ከብት አስርቦ የሌላውን አበላ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም አስተዋይ ገበሬ ሁለት ዓመት አይታገሥም።

የመንዝ ሰዎች ምን አደረጉ?

ለማነጻጸር ከጎጃም ወጣ ልበል። የመንዝ ጓሳ በሰሜን ሸዋ ነው፤ ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከጮቄ ሲተያይ ትንሽ ነው። ገበሬውም ከጮቄ ገበሬ የበለጠ መሬት ወይም ገንዘብ የለውም። ቀዩ ቀበሮ ግን ዛሬም አለ፤ ጭላዳውም አለ።

ልዩነቱን ያመጣው የቆየ ደንብ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ እያቆየ፣ በተስማማበት ጊዜ ብቻ ከፍቶ ሣሩን ለቤቱ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብቱ ያጭድ ነበር። ማን እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ሹም ከራሱ መካከል የተመረጠ ነው፤ የጣሰው በጎረቤቱ ፊት ይቀጣል። በ1966 አብዮት የመሬት ሥርዓቱ ሲናጋ ያ ደንብም ተናጋ፣ ጓሳውም በእነዚያ ዓመታት ተጎዳ። ነገር ግን ሰዉ ደንቡን ስለሚያስታውስ ኋላ በማኅበረሰብ ጥበቃ መልክ ሊያነሳው ቻለ። የመንዝ ሰው ጓሳውን የጠበቀው ሣሩን ስለሚፈልገው ነው፤ ቀበሮው በዚያ ጥላ ሥር ተረፈ።

ሌላው መንገድ የሰሜን ተራሮች ነው። እዚያ ፓርኩ በ1969 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ተመዘገበ፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያም የግጭ መንደር ነዋሪዎች ተነስተው ደባርቅ ከሰፈሩ በኋላ። ለዋልያው ይህ አስፈልጎ ይሆናል። ጮቄን ግን በዚያ መንገድ መጠበቅ አይቻልም። የጮቄ ዙሪያ ሕዝብ አንድ መንደር አይደለም፤ ሰውን አንስቶ ተራራውን ባዶ ማድረግ የሚያስብ ካለ የጎጃምን ደጋ አያውቀውም።

አሁን ያለው ሥራ

በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ገበሬው አካፋውን ይዞ እርከን ሲሠራ፣ ክትር ሲክብ ይከርማል። የተራቆተ ገደል ከሰውና ከከብት ንክኪ ተከልሎ ሲቆይ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ እንዴት እንደሚያገግም ያየ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ይመለሳል፣ የደረቀች ምንጭ ትርሳለች፣ ሚዳቋ ብቅ ይላል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በምርምርም በአገልግሎትም ተራራውን ይዞታል። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል፤ በደጋው መሃል የገበሬ ቤት፣ የገበሬ ምግብ፣ የገበሬ እውቀት እንግዳ ሊስብ እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው። ከ2015 ክረምት ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ጦርነት ግን እንግዳውንም ተመራማሪውንም አርቋል። ጫካና ጓሳ በጦርነት ጊዜ ጠባቂ የለውም፤ የተከለለ ቦታ ከብት ቢገባበት ማን ወርዶ ያስወጣል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ የራሴን ልናገር። ችግኝ መትከል ለጮቄ ትከሻና ለደጋው እርሻ ጥሩ ነው። ለጫፉ ግን አይደለም። ከጅብራው መሃል ባሕር ዛፍ መትከል ጓሳውን ማረስ ማለት ነው፣ ውሃውንም ይጠጣዋል። ጫፉ ላይ የሚፈለገው ዛፍ ሳይሆን ጓሳውና ጨፌው እንዳለ እንዲተው ነው። ይህም ለዘገባ አይመችም፤ ያልተነካ ጨፌ ተቆጥሮ ለስብሰባ አይቀርብም።

ሁለተኛው ነገር ዋጋው ነው። ደብረ ማርቆስ የጨሞጋን ተፋሰስ ይጠጣል፤ በታች ያለው ገበሬ በመስኖ ሽንኩርትና ድንች ያለማል፤ ከሁሉም በታች 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው የሕዳሴ ግድብ አለ፤ ከጮቄ ታጥቦ የሚወርድ እያንዳንዱ ጭነት አፈር ደለል ሆኖ እዚያ ነው የሚተኛው። ይህ ሁሉ ጥቅም ከላይ ገብስ አትዝራ፣ በግህን አታሰማራ በተባለው ሰው ትከሻ ላይ ነው። ለእሱ ምን ተከፈለ? ኖራው በጊዜው ቢደርሰው፣ ለውርጭ የሚሆን የዘር ድንች ገበያ ቢያገኝ፣ የተከለለውን ሣር አጭዶ የመውሰድ መብቱ በጽሑፍ ቢሰጠው፣ ከልካዩም እሱ ራሱ ቢሆን፣ ጮቄን ለመጠበቅ ጠመንጃ የያዘ ዘብ አያስፈልግም። ደንቡም ቢያንስ ተራራውን በሚጋሩት ወረዳዎች ሁሉ አንድ መሆን አለበት፤ በአጥር የተከፋፈለ ጓሳ ጓሳ አይሆንም።

ያየሁትን አንድ ነገር ላክል። ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ ገሳውን እንደ ደወል ከላዩ ላይ የደፋ አንድ እረኛ ልጅ በጎች ይጠብቅ ነበር። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው።

"ጋሼ፣ ሰዓት ስንት ነው?" አለኝ። ነገርኩት፤ እንደማይቸኩል ሰው አጠገቤ ቆመ።

"ቀይ ቀበሮ ታውቃለህ?" አልኩት።

"አውቃለሁ፣ ከመጽሐፋችን ላይ አለ።"

"እዚህ አይተኸው አታውቅም?"

"ኧረ እዚህ የለም! እዚህ አይጥ ነው ያለው።" በበትሩ ጫፍ አንድ ጉድጓድ ነካልኝ። ከጓሳው ሥር፣ አፉ ላይ ትኩስ አፈር የተቆለለበት ነበር። እውነቱን ነው፣ ዞር ብዬ ሳይ እንዲህ ያለው ጉድጓድ ብዙ ነው። የቀበሮው ምግብ እዚያው አለ።

"ይመጣል ወይ?" አለኝ ጥቂት ቆይቶ።

በራሱ እንደማይመጣ፣ አባይ እንደማያሻግረው፣ ሰው ካላመጣው እንደማይሆን ነገርኩት። ሰው የሚያመጣው ደግሞ ጓሳው ሰፍቶ፣ ውሻው ተከትቦ፣ የሚኖርበት ሲኖረው ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ሁለት በጎች ወደ ገብሱ ማዘንበላቸውን አይቶ፣ እያፏጨ ሊመልሳቸው ሮጠ።